ምጣድና ደንበኛ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰው ገና መግባት በጀመረበት ጊዜ ሁለት ሰዎች በእንጀራ ሊተዳደሩ አሰቡ።

ወጣቱ የእቁብ ብሩን አውጥቶ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ገዛ፤ ማኛ ጤፍ አስፈጨ። እንጀራው ዓይናማ፣ ልስልስ ያለ ነበር። መሸጫ ስላልነበረው ለአንድ አከፋፋይ ያስረክባል። አከፋፋዩ ደስ ባለው ዋጋ ይወስድለታል፤ ያልተሸጠውን ሻግቶ ይመልስለታል።

ሴትየዋ ምጣድ አልነበራትም። ከቃሊቲ የተጋገረ እየገዛች በታክሲ ታመጣለች፤ ሊፍት በሌለው ፎቅ ደረጃ እየወጣች በር ታንኳኳለች። የትኛው ቤት ልጅ ይበዛል፣ ማን ቀይ ጤፍ ይመርጣል፣ ማን ደመወዝ ካልወጣ አይከፍልም፣ ሁሉንም በቃሏ ያዘች። ቆይታ የሱቅ ጥግ ተከራየች። ምጣድ የገዛችው ጋጋሪዎቹ ተመካክረው ዋጋ ሲቆልሉባት ነው። የመጀመሪያ ቀን እንጀራዋ ከወጣቱ አይበልጥም ነበር፤ ሳይመሽ ግን አለቀ።

«እትዬ፣ የእኔ ምን ጎደለው?» አላት።

«ምንም አልጎደለው ልጄ። የማን እራት እንደሆነ ግን አታውቅም።»

የሆሊውዱ ፊልም ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ ያደገው በሴትየዋ መንገድ ነው። መሥራቾቹ ወንድማማቾች ሃሪ፣ አልበርት፣ ሳምና ጃክ ከፖላንድ የተሰደደ ጫማ ሰሪ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የያዙት ካሜራ ሳይሆን የፊልም ማሳያ ማሽን ነበር፤ የሌላ ሰው ፊልም ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። አሜሪካ፣ ኒው ካስል ከተማ ውስጥ ትንሽ ሲኒማ ሲከፍቱ ወንበር የተዋሱት ከጎረቤት ቀብር አስፈጻሚ እንደሆነ ይነገራል። ቀጥሎ ፊልም ማከፋፈል ገቡ። የፊልም ፓተንቶችን የያዘው የኤዲሰን ማኅበር መውጫ መግቢያ ሲያሳጣቸው ራሳቸው ወደ መሥራት ዞሩ፤ ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልማቸው ሰውን በድምፅ አስደመመ።  በዓመቱ ወንድሞቹ ስታንሊ የተባለውን ኩባንያ ሲኒማ ቤቶች ገዙ። የሆሊውድ ጉልበት ያረፈው እዚያ ወንበር ላይ ነበር፤ በ1948 ፍርድ ቤት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ መንገዱን ሲከፍት ወርቃማው ዘመን መደብዘዝ ጀመረ።

ከእኛ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ጉልበቱ ያለው ተመልካቹ ጋ መሆኑን አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራውን ፊልም «ሳንኮፋ»ን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባለት።

ለካሜራ ገንዘብ የምታጠራቅሙ ልጆች፣ እባካችሁ ግማሹን ለአዳራሽ ኪራይ አስቀሩ።