ነጻ ፀሐይ

«ፀሐይ አትወጣም እንዴ እዚያ አገር?» አለችኝ እናቴ፣ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ልገዛ ማሰቤን በስልክ ስነግራት። ዋጋውን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለዋጋው መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ትወጣለች እማዬ፣ ግን እንደ እኛ አገር አይደለም።»

«እግዜር በነጻ የሰጠውን በገንዘብ ልትገዛ ነዋ!» ብላ ሳቀችና ወደ ጎረቤት ለቅሶ ወሬ አለፈች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ፍራንክፈርት ከመጣሁ 22 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ከወሩ ግማሹን ሌሊት ትሠራለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን፣ ሁለቱም ኳስ ተጫዋች ነን ባዮች፤ ጭቃ ተሸክመው ይመጣሉ ማለት ነው። በሳምንት አራት ማሽን ልብስ ይታጠባል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ልብሱ ሳሎን ማስጫው ላይ ሁለት ቀን ይከርማል፤ ከደረቀ በኋላም የጂንሱ ወገብ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ባለፈው ዓመት የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን ፈቀቅ ስናደርግ ከኋላው ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎ አየን። ሻጋታ ነው፤ ጀርመኖቹ «ሺመል» የሚሉት፣ እዚህ አገር ተከራይንና አከራይን የሚያጣላ ነገር። አከራዩ የላከው ሰውዬ ግድግዳውን በጣቱ ነካ አደረገና ሳሎን ያለውን ማስጫ አይቶ «ልብስ ቤት ውስጥ ታደርቃላችሁ?» አለ። መልሳችንን ሳይጠብቅ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ፍርዱ «መስኮት ክፈቱ» ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ቀን የምትተኛን ሴት፣ በጥር ብርድ መስኮት ከፍተህ አስተኛት እንግዲህ!

እኛ እዚህ ያለን ሐበሾች ማድረቂያውን በጀርመኖቹ ቃል «ትሮክነር» ነው የምንለው። ድሮ ትሮክነር ማለት መብራት ቆጣሪ የሚያስሮጥ ጠላት ነበር። አሁን ግን ሙቀት ፓምፕ ያለው ዓይነት መጥቷል። ስዊዘርላንድ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚህ ሌላ እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ በሥራ ላይ ያዋለው መስፈርት የድሮውን ዓይነት በተግባር ከአዳዲስ ማሽኖች ገበያ አስወጥቶታል። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ» የሚለው ጥያቄ በሕግ ተመልሷል፤ የቀረኝ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ» የሚለው ነው።

ገዛሁት፤ 649 ዩሮ። ሁለት ሰዎች እያለከለኩ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ ገዝቼም ለካሁት። ጓደኛዬ ቤት ያለው የድሮው ማሽን ለአንድ ዙር 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ የእኔው 1.4 በላ። እኛ የምንከፍለው በኪሎዋት ሰዓት 36 ሳንቲም ስለሆነ አንዱ ዙር 50 ሳንቲም ገደማ ይወጣዋል፤ በዓመት ከ100 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ገመድ ምንም አይበላም፣ እሱ ግልጽ ነው። ሻጋታ የበላው ግድግዳ ማስጠገኛ ግን ይበላል።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ባለቤቴ የውሃውን ሣጥን ስባ አወጣችና በሊትር መስፈሪያ ሰፈረችው። ሦስት ሊትር። ዝም ብለን አየነው። «ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ውስጥ ነበር የሚገባው» አለች።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ውሃ እንዲተን 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ለሦስት ሊትር ወደ 2 ይጠጋል። ቆጣሪዬ ግን 1.4 ነው ያለው። ጉድለቱን ማን ሞላው? ማሽኑ በጀርባው ፍሪጅ ነው፤ ኮምፕረሰርና ጋዝ አለው፣ አንድ ወገኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ከልብሱ የወጣው እርጥብ አየር በቀዝቃዛው በኩል ሲያልፍ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ሲተን የወሰደውን ሙቀትም እዚያው ያስረክባል። ያንን ሙቀት ጋዙ ተሸክሞ ወደ ሌላው ወገን ይወስደዋል፣ አየሩ እንደገና ይለብሰውና ወደ ልብሱ ይመለሳል። የድሮው ማሽን አንድ ጊዜ አግሎ ይበትነው የነበረውን ይሄኛው ደጋግሞ ያዞረዋል። እቁብ በለው፤ ያው ብር ነው የሚዞረው፣ ግን ዙሩ ለሁሉም ይደርሳል።

እንከኑንም ልንገራችሁ፤ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ማጣሪያው በየዙሩ ካልተጠረገ ያኮርፋል። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ወይም ፀሐይ የሚያገኝ ሰገነት ያለው ሰው ምን ሲል ይገዛዋል? ለእኛ ቤት ግን አዋጥቶናል።

የእናቴን ቃል ግን ቆጣሪዬ አልለካልኝም። መሪ ይዤ ሳለሁ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ «በነጻ» የሚለው ቃል እየተመለሰ ይመጣብኛል። በጸሎትም በለቅሶም እኩል የምትጠቀምበት ቃል ነው። የተሰጠህን ትተህ የሌለህን መሻት ምስጋና ማጣት ነው ማለቷ ነው፤ ቀላል ክስ አይደለም።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ሥር። ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ነበሩ። ግቢያችን ውስጥ ከቆርቆሮው አጥር እስከ ኮክ ዛፉ የተወጠረ ሽቦ ነበር፤ የቤቱ ልብስ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰጣል። የአባቴ ሸሚዞች በእጅጌያቸው ተንጠልጥለው ንፋስ ሲገባባቸው ሰው ይመስሉ ነበር። እናቴ በነጻ የምትላት ፀሐይ ያቺ ናት፣ አውቃታለሁ። ነጠላ በሁለት ሰዓት ታደርቃለች፤ የሚሸተውም ሽታ የትም አይገዛም።

ልብሱን የምታጥበው አንዲት ልጅ ነበረች። ከመንዝ ስትመጣ እኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ እሷ ምናልባት 14፣ ምናልባት 15። ሳፋው ላይ ታጎነብሳለች፣ 501 ሳሙና አንገትጌው ላይ ትፈትጋለች፣ ሁለት ክንዷን እንደ ገመድ ጠምዝዛ አንሶላ ትጨምቃለች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ የተላጠ ነበር፤ በርበሬ ስትነካ «ኧፍ» ትላለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለውን መፈክር ያወጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ቱሪስት ለመጥራት እንጂ ለልብስ አጣቢ ብለው አልነበረም፤ ሐምሌን ሽሮ ሜዳ የከረመ ያውቀዋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ቆርቆሮው ላይ የሰማ ሰው «ልብሱን!» ብሎ ይጮኻል። የሚጮኸው ማንም ሊሆን ይችላል። የሚሮጠው አንድ ሰው ነው። ሊጥ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ትወጣለች፣ እስከ አገጯ ታቅፋ ትመለሳለች፣ ያልደረቀውን ከሰል ማንደጃው ዙሪያ ትደረድራለች፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ዩኒፎርሜ ጢስ ጢስ ይሸታል ብዬ አኮርፋለሁ። እሷ ላይ።

ፀሐይዋ ነጻ ነበረች፣ እናቴ እውነቷን ነው። ልብሱን ፀሐይዋ ዘንድ የሚያደርሰው ግን ነጻ አልነበረም፤ ምንም እንኳ ደሞዟ ከነጻ ብዙም ባይርቅ። እናቴንም ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም፤ እሷ ራሷ ልጅ ሳለች ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ታጥብ እንደነበር ስትነግረን አድገናል። ማመስገንን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ግን እንዴት እንደምናመሰግን ሳስበው፣ ስጦታውን ስንቆጥር ተሸካሚዋን ዘለናታል። የልጅቷን ስም አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት አብራን ኖራ የአባቷን ስም ግን አላውቅም። ያገሬ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሰንበትን ሳስብም ያው ነው። ትእዛዙ ዕረፍቱን ለጌታው ብቻ አልሰጠም፤ ወንዱንም ሴቷንም ሠራተኛ፣ ከብቱን፣ በደጅህ ያለውን እንግዳ ሳይቀር ይቆጥራል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተከራክራለች። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ዘመናት ተገፍተዋል፤ በኋላ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አጸኑት። ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት የተፈረደላት አገር! በእኛ ግቢ ግን ቅዳሜ የልብስ ቀን ነበር፤ እኛ እሑድ ነጭ ለብሰን እንድንሄድ።

እንግዲህ ትሮክነሩ ሰዓት ይሞላለታል። ቅዳሜ ማታ ልብሱን ከትቼ ቁልፉን ተጭኜ እተኛለሁ፤ ሌሊት ሲሠራ ያድራል። አንድ ጊዜ ይሄ ነገር ልቤን ከነከነው፤ እሑድ በገባ ሰዓት እየተሽከረከረ ነው፣ ሰንበት ሻርኩ ወይስ አልሻርኩም? ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ማሽን ነፍስ የለውም ብለው የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ ነበር። ኩባያቸውን አስቀመጡና፣

«ሲደርቅ ማን ያጥፈዋል?» አሉኝ።

አዳራሹ ይንጫጫል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ማጠፍ ይሁን ማጥፋት ለአፍታ ተምታታብኝ።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ልብሱን። ማሽኑ አድርቆት ያድራል አልክ። ማን ያጥፈዋል?»

የሚያጥፈው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የባለቤቴም ንስሐ አባት ናቸው። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሌሊት ሥራ ትመለሳለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ የማሽኑን በር ትከፍታለች፤ የልጆቹን ነጭ ሸሚዝ ከክምሩ ትፈልጋለች፣ የቀረውን እያጠፈች ትቆልላለች። እኔ ያኔ ወንበር ላይ ሆኜ ቆጣሪው ስንት እንዳለ እጽፋለሁ። እውነቴን ነው፤ ደብተር አለኝ።

ከዚያ ጥያቄ ወዲህ የማጥፈው እኔ ነኝ። ላስቲክ ያለው አንሶላ ለሰው ልጅ እንዲታጠፍ የተሠራ አይመስለኝም፤ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እወረውረዋለሁ፣ እሷም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። የሷ ነጠላ ማሽን አይገባም፤ የእጅ ፈትል ነው፣ ይሰበሰባል፣ ጥለቱም ይበላሻል። እሱን በእጄ አጥቤ ፀሐይ ብዙ በማያገኘው ሰገነታችን ላይ አሰጣዋለሁ። ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ሰማይ ማየት የጀመርኩት በዚህ ነው፤ ደመና ከታውኑስ ተራሮች በኩል ሲመጣ አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ማሽኑ ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ነው አልኳት። ከዚያ ስለ ልጅቷ አነሳሁባት።

«እሷ ደግሞ ምን ትዝ አለችህ? አግብታ ደብረ ብርሃን ገባች ሲሉ ነበር።»

«የአባቷን ስም ፈልጌ ነው።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«የአባቷን ስም?» አለች ቀስ ብላ። «ቆይ እስቲ … የእገሌ ልጅ ነበር የሚሏት … ቆይ …»

ስታስብ ከጀርባዋ ያለው ቤት ይሰማኛል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ሁሉ ባንዴ ጮኸ። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«አንቺ ልጅ!» ስትል ሰማኋት፣ «ልብሱን!»

የሩጫ ኮቴ ተሰማኝ፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ።