ካርዱ የእሷ ነው

ወንድሜ፣ በምርጫ ሰሞን ሚስትህን «እዚህ ምልክት ላይ አድርጊ» ብለህ የምትልክ ከሆነ ይህ ምክር በመጀመሪያ ላንተ ነው። «ቤቱ አንድ፣ ሐሳቡም አንድ» ትል ይሆናል። ሕጉ ግን ቤት ይምረጥ አላለም። ካርዱ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ያቺ ጠባብ መከለያም የቆመችው ባልም ሆነ ሊቀ መንበር፣ የነፍስ አባትም ቢሆን እንዳያይ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች እቴጌ ምንትዋብን ማንሳት እንወዳለን። የቋራዋ እመቤት ልጃቸው ኢያሱ በሕፃንነቱ በ1723 ሲነግሥ አገር ማስተዳደራቸውን፣ ቁስቋምን ማሠራታቸውን እንፍራንዝ ለሚያልፍ እንግዳ ሳይቀር እንተርካለን። ርስትም ቢሆን በእናት ወገንም ይቆጠር ነበር፤ ስንቱ አባት በሴት አያቱ ስም ተሟግቶ መሬት ወስዷል! ታዲያ ይህን ሁሉ እያወራን፣ በቀበሌ ስብሰባ አንዲት ሴት እጇን ስታወጣ «ባሏ የለም ወይ?» ማለታችን ምን ይባላል? የሞተችውን ንግሥት ማክበር ቀላል ነው፤ ምንም አታስከፍልም።

መብቱ ደግሞ የትናንት ስጦታ አይደለም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ስዊዘርላንድ እንኳ ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ እንዲሳተፉ የፈቀደችው በ1963 ነው። በመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ጣሊያን ማርኮ አዚናራ ደሴት ያሰራቸው አርበኛ፣ ተመርጠው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አደረገው፤ ሚስት ትታዘዘው፣ የጋራ ንብረቱንም እሱ ያስተዳድር አለ። ሴቲቱ አደባባይ ስትወጣ ዜጋ፣ ቤቷ ስትገባ ታዛዥ ሆነች። ያ ድንጋጌ በፌዴራል ደረጃ በ1992፣ በክልላችን በ1995 በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ተሽሯል። ከወረቀት ተሽሯል ልበል፤ ከምድጃ ዳር ገና ነው።

እህቴ፣ አንቺም ድርሻ አለሽ። የመሬት ይዞታ ደብተሩን አውጪና እዪው፤ ስምሽም ፎቶሽም ከባልሽ ጎን አለ። መሬቱን ለረጅም ዘመን ማከራየት የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። እንግዲህ ውል ሲመጣ «እሱ ያውቃል» ብለሽ ጣትሽን አታስነኪ፤ አስነብቢ፣ ጠይቂ። በማሳዋ ላይ አፏን የከፈተች ሴት በምርጫ ጣቢያ አትፈራም። ይህን ስል የሚያኮርፍ ባል እንዳለ አውቃለሁ፤ ለጥቂት ቀን ያኩርፍ።

ልጃችሁንም 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳሯት። ሕግ ይከለክላል፤ ከዚያም በላይ፣ በልጅነቷ ለሰው ቤት እሺ ማለትን የለመደች ካርድ የምትወስድበት ዕድሜ ሲደርስ የራሷን ሐሳብ ከየት ታመጣዋለች?

የቀበሌ ሰብሳቢዎችም፣ ስብሰባውን ሴቶች እንጀራ በሚጋግሩበት፣ ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት ጠርታችሁ «ሴቶች አይመጡም» አትበሉ። ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ቁረጡ። ሲመጡም ከኋላ በር ሥር አታስቀምጧቸው፤ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ ጻፉ።

ምዝገባ ሲከፈት ባልና ሚስት ተያይዛችሁ ሂዱ፤ ካርዳችሁን ግን ለየብቻ ያዙ። ድምፅ ሰጥታችሁ ስትመለሱ ማንን እንደመረጠች አትጠይቃት። ቡና ላይ ራሷ ካነሳችው፣ ሳታቋርጥ ስማት።