እህል ወይስ የእህል ዋጋ?

ለችግረኛ እህሉ ይሰጠው ወይስ ዋጋው? የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ጥንት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ወሎ ውስጥ በዚህ የሚለያዩ ሁለት መዝሀቦች (የፊቅህ ሥርዓቶች) አሉ፤ ሻፊዒዎች በረመዳን ማብቂያ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር ከአገሬው ዋና እህል ይሰፈር ሲሉ፣ ሐነፊዎች በገንዘብ መስጠትንም ይፈቅዳሉ።

በመንግሥት ድጋፍም ጥያቄው ያው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት እህልም ገንዘብም ያድላል፤ በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የጀመረው የከተማው ግን ገንዘብ ይከፍላል። ገንዘብ የያዘች እናት ከሰፈሯ ሱቅ የምትሻውን መርጣ ስትገዛ ከሌላው ደንበኛ የሚለያት የለም። እስልምናም ክርስትናም ስውር ምጽዋትን ያወድሳሉ፤ የዕርዳታ እህል ሰልፍ ግን ችግርን አደባባይ ያወጣል። በዚህ በኩል የሐነፊዎቹ ፈቃድ ሚዛን ይደፋል። ኑሮ ሲወደድ ግን፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ያው ብር የሚሸምተው እህል ያንሳል፤ የሻፊዒዎቹ ጥንቃቄ ያኔ ይገባል።