ብርድ የሰጠው ፈቃድ

በትርጉም ሥራ ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ አንድ ቃል አለ፤ «አደጋ»። አማርኛችን የደረሰውንም ጉዳት፣ ሊደርስ የሚችለውንም ጉዳት በዚሁ ቃል ይጠራል። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል። ይህን የቋንቋችን ድኽነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ሜትሳሞር ስለሚባለው የአርሜኒያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሳነብ ግን ነገሩ ማስተዋል ሆኖ ታየኝ።

ጣቢያው ከዋና ከተማይቱ ከዬሬቫን በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሶቪየት ኅብረት የሠራቻቸው ሁለቱ ሪአክተሮች ሥራ የጀመሩት በ1976 እና በ1980 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዲሴምበር 1988 ስፒታክን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 25 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ጣቢያው አልተጎዳም፤ ሕዝቡ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በቼርኖቢል የሆነውን ያውቃልና በ1989 ተዘጋ። ማን ይህን ስሕተት ይለዋል?

ከዚያ ጦርነት መጣ። በናጎርኖ ካራባኽ ምክንያት አዘርባጃንና ቱርክ ድንበራቸውን ዘጉ፤ በጆርጂያ በኩል የሚመጣው የጋዝ ቧንቧም በፍንዳታ ደጋግሞ ተቋረጠ። የዬሬቫን ነዋሪ በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ መብራት ያገኝ ጀመር። የመንገድ ዳር ዛፍ ተቆርጦ ምድጃ ገባ። ኃይል ለማመንጨት ሲባል የሴቫን ሐይቅ ውኃ ያለ ልክ ተለቀቀ። ብርድ ስል የሐምሌን ብርድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ይተወው፤ ውኃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ የሚሆንበት ብርድ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ከታለፈ በኋላ፣ በ1995፣ ሁለተኛው ሪአክተር እንደገና ተቀሰቀሰ። ሊመጣ የሚችለውን አደጋ የፈራ ሕዝብ፣ ከቤቱ የገባውን አደጋ ሊያስወጣበት ጠራው።

የአውሮፓ ኅብረት ይዘጋ አለ። አንድ ነገር ቢፈነዳ ጨረሩን አፍኖ የሚያስቀር፣ በምዕራባውያን ጣቢያዎች የተለመደው የኮንክሪት ሽፋን የለውምና ሥጋቱ ተገቢ ነበር። ለመዝጊያም 100 ሚሊዮን ዩሮ ቀረበ፤ አርሜኒያ ይህ ምትክ አያሠራም ብላ አልተቀበለችም። እኔ በዚህ ክርክር ከአርመኖቹ ወገን ነኝ። የሞቀ ቤት ያለው ሰው የጎረቤቱን እሳት አጥፋ ከማለቱ በፊት ሌላ ማገዶ ይዞ መምጣት አለበት።

ነገር ግን ያልተጠየቀ ሰው አለ። የቱርክ ድንበር ከጣቢያው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከድንበሩ ማዶ የሚያርሰው ገበሬ ከሜትሳሞር አንዲት አምፖል አያበራም፤ ሥጋቱን ግን እኩል ይካፈላል። ድንበሩንም የዘጋው መንግሥቱ ነው፤ እርሱ አይደለም። ለዚህ ሰው የምሰጠው መልስ ፈልጌ አጥቻለሁ። የዬሬቫን ሰው ብርድ ለዬሬቫን ሰው ምክንያት ይሆነዋል፤ ለእርሱ ግን ምኑ ነው?

ከዚህም የሚከብደኝ የጊዜው ነገር ነው። ችግር የሰጠው ፈቃድ ከችግሩ ጋር ማብቃት ነበረበት። ከኢራን የሚመጣ የጋዝ ቧንቧ በ2007 ተከፍቷል፤ የጨለማው ዘመን ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሆነ። ሪአክተሩ ግን ዕድሜው መጀመሪያ እስከ 2026 ተራዘመ፤ ከዚያም እስከ 2036 ለማራዘም ተወሰነ። በእርግጥ ብዙ ተጠግኗል። ምትክ እስኪሠራ ነው የሚለውም ቃል ሐሰት አይደለም፤ ሲባል ግን ብዙ ዘመን ሆነው። በ1993 በሻማ ያጠና የነበረ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚያ ብርድ ለልጆቹ ያወራ ይሆናል። ልጆቹ ብርዱን አላዩትም። ሜትሳሞር ከተማ የሚኖሩ ከሆነ፣ እነርሱ በየማለዳው የሚያዩት እንፋሎት የሚተፉትን ማማዎች ነው።