እጅ ይዋሻልን?

ምላስ እንደሚዋሽ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እናቶቻችን ገና አፍ ስንፈታ ደርሰውበታል። እኔን ሰሞኑን ያስቸገረኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እጅ ይዋሻል ወይ? ያላመነበትን ንግግር ሰምቶ ከሰው ጋር ያጨበጨበ ሰው ዋሸ እንበል ወይስ መዳፉን አሟሟቀ? ነገሩ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እስቲ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚህ አገር ስንት ጊዜ እንደተጨበጨበ፣ ለማን እንደተጨበጨበ፣ የተጨበጨበላቸውም ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ይቁጠር። ጣቱ ያልቅበታል።

ፈላስፎቹን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ወጉ እንዲያ ነውና። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል የሚፈልግ ሰው በርህን አንኳኩቶ እዚህ ነው ወይ ያለው ቢልህ እንኳ መዋሸት አልተፈቀደልህም ይላል። ጨካኝ ነው። እርግጥ ካንት ከከተማው ከኮኒግስበርግ እምብዛም ሳይርቅ፣ በሰዓቱ ወጥቶ በሰዓቱ እየገባ የኖረ ሰው ነው፤ የስብሰባ ጥሩምባ በእሑድ ማለዳ ቀስቅሶት አያውቅም። ይሁንና የሱ ክልከላ ስለ ቃል ነው። አጨብጫቢው ደግሞ ቃል አልወጣውም። "ምን አልኩ? ሁለት መዳፌን አጋጨሁ፤ ለቢምቢም እኮ ይጨበጨባል" ቢል ምን ይመለስለታል?

ያገራችን አጨብጫቢ ግን ከዚህ የተሻሉ ሁለት መከላከያዎች አሉት። አንደኛው ሰምና ወርቅ ነው። "ሰሙን ለነሱ ሰጠኋቸው፣ ወርቁ እሆዴ ውስጥ ነው" ይላል። ያምራል። የአያቶቻችን ጥበብ፣ የቅኔ ቤት ልጅነት፣ ምኑ ቅጡ! ዳሩ ግን ባለቅኔ ወርቁን የሚደብቀው ሊያስቀረው ሳይሆን ሊያደርሰው ነው። ከጉባኤው መሀል አንድ ጆሮ ያለው ሰው ነገሩ ገብቶት ፈገግ እንዲል አስቦ ነው የሚዘርፈው። ማንም ሊፈታው የማይችል፣ ለማንም ያልተነገረ ወርቅ ቅኔ አይባልም። ጭብጨባ ደግሞ ኅብረ ቃል የለውም። ያመነውም ያላመነውም እጅ ጧ ጧ ነው የሚለው። አንድም ተብሎ አይተረጎም።

ሁለተኛው መከላከያ ትንሽ ይሸታል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ጄምስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ደካሞች ኃይለኞችን ከጀርባ እንዴት እንደሚታገሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ መክፈቻ ላይ፣ የኢትዮጵያ ተረት ነው ብሎ አንድ ነገር አስቀምጧል። ጌታ ሲያልፍ ከወገቡ ሰበር ብሎ እጅ የሚነሣው ብልህ ገበሬ በዚያችው ቅጽበት ከኋላው በኩል ምን እንደሚሠራ የሚናገር ነው። ድምፅ እንደሌለው ብቻ ልንገራችሁ፤ የቀረውን አፍንጫችሁ ይገምት። የውጭ ምሁራን ይህችን ተረት ይወዷታል። የኛም የተማረ ሰው ሲሰማት ደስ ይለዋል፤ "እኔ እኮ አጨበጭባለሁ እንጂ በልቤ..." ብሎ ራሱን ከዚያ ገበሬ ጋር ይቆጥራል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ጌታው በፈረስ ነው፤ አልፏል። ታዲያ የሸተተው ማንን ነው? ከብልሁ ገበሬ ኋላ አጎንብሶ የነበረውን ሌላውን ገበሬ ነዋ!

እዚህ ላይ ነው የጥያቄው ሥር ያለው። አጨብጫቢው ዋሸሁ ቢል እንኳ የዋሸሁት መድረክ ላይ ያለውን ሰውዬ ነው ብሎ ያስባል፤ እሱ ደግሞ ቢዋሽ ይገባዋል። ነገር ግን መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ እኮ ያውቃል። ወንበሩን ማን እንዳስደረደረው፣ አውቶቡሱን ማን እንደላከው፣ የተገኘውንና የቀረውን ማን እንደመዘገበ ያውቃል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አጠገብህ የተቀመጠው ነው።

ባንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቱ ሰፈር እንደሆነ ይቅር፤ ሁላችሁም የራሳችሁ ይመስላችኋል። ሰብሳቢው ስለ ውኃ ፈረቃ ሲያስረዱ "ከመጪው ወር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል" አሉ። ተጨበጨበ። ከጎናቸው የነበረው ልጅ ወረቀት አቀበላቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና "ይቅርታ፣ በሦስት ሳምንት አንድ ቀን ነው" አሉ። ተጨበጨበ። እንዲያውም ሁለተኛው ሳይረዝም አልቀረም። አጠገቤ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት ነበሩ፤ እሳቸውም አብረው መቱት።

"እማማ፣ ምኑ ነው የሚጨበጨበው? ውኃው እኮ ቀረ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"አይ ልጄ፣ ይኸ ሁሉ የተማረ ሰው ሲያጨበጭብ አንድ ያወቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ እኮ ነው" አሉኝ።

ከፊታችን ካሉት የተማሩ ሰዎች አንዱ፣ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበው ጎልማሳ፣ ከአዳራሹ እንደወጣ ስብሰባውን እስከ ሰባት ትውልዱ ሲረግም ሰማሁት። ልቡ ንጹሕ ነው። ግን እኒያ እናት የሰሙት እጁን ነው እንጂ ልቡን አይደለም፤ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲሄዱም የገረማቸው ነገሩ ለሳቸው ብቻ ያልገባቸው መሆኑ ነበር። ሰውየው ያታለለው ሰብሳቢውን አይደለም፤ እማማን ነው። በገዛ ጥርጣሬያቸው እንዲያፍሩ አድርጎ ሰደዳቸው።

የቼኩ ጸሐፊ ቫስላቭ ሃቬል እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ድርሰት ወደዚህ ነገር ተጠግቷል። አንድ አትክልት ሻጭ በሱቁ መስኮት ላይ ከሽንኩርቱና ከካሮቱ መሀል የዓለም ላብ አደሮች እንዲተባበሩ የሚጠይቅ መፈክር ያደርጋል። ላብ አደሮቹ ቢተባበሩ ባይተባበሩ ለሱ ጉዳዩ አይደለም፤ ተዉኝ ለማለት ነው። መፈክሩን ቆሞ የሚያነብም የለም። ሆኖም በየመስኮቱ ሲደረደር የከተማው መልክ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሻጭ ሌላውን ሻጭ ያስፈራራበታል። (ያንኑ መፈክር የኛም ግድግዳዎች ለዓመታት ተሸክመውታል፤ ካሮት ግን አልነበረበትም።) ሃቬል እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሱ የተጨበጨበለትን ጭብጨባ እንዴት አድርጎ እንደሰማው ቢጽፍልን ደስ ባለኝ።

አንባቢ እዚህ ላይ "ቀላል ነው፣ ያልፈራ ሰው ይፈርዳል" ሊለኝ ይችላል። እሺ፣ ስለ ፍርሃት እንነጋገር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክሱ፣ ከፊታቸው የቆመው ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ መቆም ነበረበት ብሎ ዛሬ ሻይ እየጠጣ የሚፈርድ ሰው ቢኖር እኔ ከሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም። በዚያ ዘመን ያልጨበጨበ እጅ ወዴት እንደሚወሰድ የታወቀ ነው። ያ ጭብጨባ የሰዉ አይደለም፤ የጠመንጃው ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ጭብጨባ ማንንም አላታለለም! በር ላይ አብዮት ጥበቃው ቆሟል፤ ጠመንጃው ይታያል። አጠገብህ ያለው ሰው ስታጨበጭብ አይቶ "አምኖበት ነው" አይልም፤ "እሱም እንደኔ ነው" ይላል። በአንድ ጠመንጃ ፊት አብረው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ሳይነጋገሩ ይተዋወቃሉ። ጉዱ የሚመጣው ጠመንጃው ከበሩ ሲነሣና በምትኩ አበል ሲመጣ ነው። አበል፣ ሻይ ከብስኩት ጋር፣ የደረጃ ዕድገት፣ "እገሌ እኮ ዝም ብሎ ነበር" እንዳይባል። እነዚህ አይታዩም። የማይታይ ነገር ያስጨበጨበው እጅ ደግሞ ልክ ያመነ እጅ ይመስላል። እንግዲህ ሒሳቡ ከጠበቅነው ተገልብጦ ይመጣል ማለት ነው፤ ግዴታው ባነሰ ቁጥር ውሸቱ ይበዛል። በሞት ፍርሃት ያጨበጨበው አባትህ አልዋሸም፤ ለሁለት ቀን ስልጠና አበል ያጨበጨብከው አንተ ዋሽተሃል። ይህን ስል ብዙ ወዳጅ እንደማላተርፍ አውቃለሁ፤ ወር ሲገባደድ አበል ምን ማለት እንደሆነም አላጣሁትም።

መድረኩ ያውቃል ብያለሁ። ሲጀምር ያውቃል፤ ሲቆይ ግን የራሱን የጭብጨባ መኸር አጭዶ እየበላ ማመን ይጀምራል። ለንጉሡ ስንት ዓመት እልል ያለው ከተማ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ሲወሰዱ "ሌባ!" ብሎ ጮኸባቸው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዚያ ሁሉ ሰልፍና ባንዲራ ተከበረ፤ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዓለም የኮረምን ረሃብተኞች በቴሌቪዥን አየ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ መስቀል አደባባይን ጢም አድርጎ ሞላው፤ በማግሥቱ ቅንጅት ሞላው፤ ግንቦት 7 ቀን ካርድ ኮሮጆ ሲገባ የአዲስ አበባ 23ቱም የፓርላማ ወንበር ለቅንጅት ሄደ። የምሥጢር ድምፅ ማለት መቼም እጅን ከጎረቤት ዓይን መሰወር ነው፤ ከተሰወረ በኋላ እጅ ምን እንደሚያደርግ ታየ። ይህን ያየ መንግሥት ትምህርት ይወስዳል ብለን ነበር። ወሰደም። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ይዘው ቁጭ አሉ። አንድ እንኳ ለዓይን አልተረፈም። ከዚያስ? ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ፣ በኦሮሚያ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አሳወቁ። መቶ በመቶ የተጨበጨበለት መንግሥት ሦስት ዓመት አልደፈነም።

የተገላቢጦሹንም አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1989 የሩማንያው ቻውሼስኩ ቡካሬስት ላይ ከሰገነት ሆነው ሲናገሩ ፊታቸው የቆመው ሕዝብ ከየፋብሪካው ተሰብስቦ የመጣ፣ ሥዕላቸውንና መፈክራቸውን የተሸከመ ነበር። በንግግሩ መሀል ጫጫታ ተነሣ፣ ከዚያ ጩኸት። የሰውየው ፊት በቀጥታ ስርጭት ላይ ሲለዋወጥ ዛሬም በፊልም ይታያል። ባራተኛው ቀን ተረሸኑ። መረሸናቸውን ለማድነቅ አይደለም ያነሣሁት፤ የፍርድ ወጉም ቢሆን ፍርድ አይመስልም ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለችው አንዲት ደቂቃ ናት፤ መፈክር ተሸካሚው ዘወር ብሎ አጠገቡ ያለውን መፈክር ተሸካሚ አይቶ "ለካስ አንተም!" ያለባት ደቂቃ። ያቺን ደቂቃ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያዘገያት የፖሊስ ብዛት ብቻ ነው እንዴ? የጎረቤት እጅም አለበት።

እንግዲህ "ታዲያ ምን እናድርግ፣ ተነሥተን እንጩህ?" የሚል ይኖራል። ኧረ ማንም አልጠየቃችሁም! በማጨብጨብና በመጮህ መካከል ሰፊ አገር አለ። ጉልበት አለ፤ እጅ ይቀመጥበታል። አንዳንዱ ማስታወሻ የሚጽፍ መስሎ እስክሪብቶውን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዳንዷ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። እነዚህን ሰዎች ፈሪ የሚላቸው ካለ ሌላው እንዲያያቸው ማድረጋቸውን ዘንግቶ ነው። የታሰረ እጅም ያነጋግራል።

አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ነበሩ፤ በመንግሥት ሥራ ሲኖሩ ስብሰባ በገቡ ቁጥር ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ይዘው ነው የሚቀመጡት። አዳራሹ ሲናጋ እሳቸው ኮፍያቸውን ያያሉ። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ኖሮ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ኮፍያውን ልያዝልዎት?" አላቸው።

"ተወው ልጄ፣ አይከብድም" አሉት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ልጁ ኮፍያ ገዝቶ መጣ።