ጣራ ከድኖ ከደጅ መመለስ

ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑ እናያለን። የሰላም ሚኒስቴርም በ2013 ዓ.ም. ወጣቶችን አሠልጥኖ ከትውልድ ክልላቸው ውጪ በበጎ ፈቃድ አሰማርቷል። ሐሳቡ የማይተዋወቅ ወገን አብሮ ሲሠራ ይቀራረባል፣ የነገ መሪም ማገልገልን ይማራል የሚል ነው። መልካም ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሩቅ ያለውን ከማገልገልና ጎረቤትን ከማክበር የትኛው ይከብዳል?

በቡናዋ የታወቀችውን ካፋን እንመልከት። በዚያች ምድር ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። ማገዶና ከሰላቸውን የሚገዛቸው ሰው ከቤቱ አያስገባቸውም፣ ከማዕዱም አያስቀርባቸውም ነበር። በ1994 ዓ.ም. ብሶቱ ደም አፋሷል። መገለሉ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ ከቦንጋ የሄደ ወጣት የአንድ ማንጆ አዛውንትን ጣራ ከድኖ፣ የቀረበለትን ቡና ሳይቀምስ ቢመለስ ምን ሠራ እንበል? ጣራው ዝናቡን ያቆማል፤ ንቀቱ ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም ሰጪው ከፍ፣ ተቀባዩ ዝቅ እንዳለ ይቀራል።

«ዝናብ ለሚያፈስበት ሰው የሚያስፈልገው ቆርቆሮ እንጂ ቡና መጠጣት አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ጣራው ይቅደም። መሪ የሚወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ጓደኞቹ እያዩት ስኒውን ተቀብሎ ከሚጠጣው ወጣት።

እኛስ ወገኖቼ፣ በየከተማችን ሰደቃ የምንሰጠውን ሰው ከማዕዳችን ያስቀመጥነው መቼ ነው?