ወላጆቻችሁ በዓሉን ጓዳ አይዋሉ

ታኅሣሥ 19 በደረሰ ቁጥር ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች። ለገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን መናኸሪያውን ያጨናንቀዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ብዙዎቹ ልጆቻቸው ቤት የሚያርፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ገናም ይሁን ኢድ፣ ፋሲካም ይሁን ፊቼ ነገሩ ያው ነው። ወላጆች ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት «ዝም ብዬ ከምቀመጥ» ብለው ሽንኩርት ሲከትፉ ይውላሉ። አባት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፣ ያንቀላፋሉ። በሦስተኛው ቀን አዲስ ጋቢና ስኳር ተይዞላቸው ይሸኛሉ። ልጅም ወላጆቹን በሚገባ እንዳስተናገደ ቆጥሮ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህ አይበቃም። በዚህ በዓል ለወላጆቻችሁ አንድ ሙሉ ቀን ስጧቸው። ከቤት አውጧቸው፤ ዘመናቸውን የሚያስታውስ፣ ታሪክ ያለበት ቦታ አድርሷቸው፤ ሲያወሩም ስሟቸው።

ሐሳቡ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ በአፈ ታሪኩ መሠረት የሚያስበው አንዲትን ሴት ነው። ይህች ሴት ባል ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ምግቡንም ጎረቤት ይካፈለዋል። ያ ልማድ ነው የሕዝብ በዓል የሆነው። ዛሬም የጎሳ መሪዎች በበዓሉ ላይ ከሚመክሩት ምክር አንዱ ሽማግሌን ማክበርና መደገፍ ነው። በበዓሉ አደባባይ በጉዱማሌ የቄጣላን ጭፈራ ስናይ የምንውል ሰዎች ያችን ሴት ልናስባት ይገባል። እሷ እግሯን አንስታ ሄዳለች። እኛ ደግሞ ወላጆቻችን እግራቸውን አንስተው ሲመጡ ከአንድ ክፍል አናስወጣቸውም።

የት ይኬዳል ለምትሉ፣ ለሐዋሳ ነዋሪ ወንዶ ገነት ቅርብ ነው። ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ፍል ውሃ፣ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘልሉት ጉሬዛዎች ለማንም ደስ ያሰኛሉ። ወላጆቻችሁን ግን ሌላም ነገር ይጠብቃቸዋል። ይህ ግቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የንጉሣውያን ቤተሰብ ማረፊያ ነበር፤ በኋላ ነው የሕዝብ መዝናኛ የሆነው። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባውን የተሻገረ ሰው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ነፍስ ያወቁ ወጣት ነበሩ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ቤታቸው ውስጥ ምን እንደተባለ ያስታውሳሉ። መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁት አብዮት እነሱ የኖሩበት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የጭሰኛ ልጅ የነበሩ አባት በዚያ ግቢ ሲያልፉ፣ ያኔ ወደ አጥሩ መጠጋት እንኳ እንደማይታሰብ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ቤተሰባቸው መሬት የተወረሰበት እናት ደግሞ ዝም ብለው ዛፉን ያዩ ይሆናል። አንዱ ዘመኑን ይረግማል፣ ሌላው ይናፍቃል። የእናንተ ሥራ መፍረድ አይደለም። ዓመተ ምሕረት ቢያዛንፉ፣ ስም ቢያደባልቁ አቋርጣችሁ አታርሙ፤ አንድ ጊዜ የታረመ ሽማግሌ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ይልቅስ ጠይቋቸው። ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር? አባትዎ ምን አሉ? ምን በላችሁ? በተለይ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ወሬ ያወጣል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹት። የፎቶው ነገር ግን ይብቃ፤ አባቱን ፀሐይ ላይ አቁሞ ሃያ ጊዜ ራሱን የሚያነሣ ጎልማሳ በየበዓሉ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ጉዞው በእነሱ አቅም ይሁን። በበዓል ሰሞን ሻሸመኔ ላይ ታክሲ መቀያየር ለጉልበታም ሰው እንኳ ይከብዳል፤ ከወንድም ከእህት ተዋጥታችሁ መኪና ተኮናተሩ። በጠዋት ውጡ፣ ፀሐዩ ሳይከር ተመለሱ። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነና መቀመጫ ያለበትን ጥላ አስቀድማችሁ እዩ። መድኃኒታቸውን ያዙ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ፍል ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ እግራቸውን ነክረው መቀመጥም ደስታ ነው።

ጉልበታቸው መንገድ ለማይችል ከተማዋ ራሷ ትበቃለች። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከብዙዎቹ ወላጆች ጋር እኩያ ናት ማለት ነው። ጋሪ ዋና መጓጓዣ የነበረበትን ጊዜ የሚያውቁ አሉ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው፤ አሞራ ገደል ወርዳችሁ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ አብራችሁ እዩ፤ ጾም ካልያዛቸው ትኩስ የዓሣ ሾርባ አጠጧቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በከፊል ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድነት ፓርክ በሚል ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በሕይወታቸው በውጭ አጥሩ ብቻ ያለፉ ወላጆች ውስጡን ይዩ።

«እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ» ማለታቸው አይቀርም። በዚህ ቃል አትመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ወጪውን ፈርተው ነው፤ ሸክም እንዳይሆኑባችሁ ብለው ነው። «መኪናው ተከፍሏል» በሏቸው፤ ነጠላቸውን ያነሣሉ። ለእናት ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ዶሮው በዋዜማው ይሠራ። ወንዶች ልጆች ሽንኩርቱን እናንተ ላጡት። በእናታችሁ ምትክ ምድጃ ዳር የምትቆም ምራት ካለችም እሷም መኪናው ውስጥ ቦታ ይያዝላት፤ የእሷ ድካም ለእናንተ መልካም ልጅነት መክፈያ መሆን የለበትም።

ወላጆቻችሁ ሩቅ ያሉ፣ ለዚህ በዓል መምጣት የማይችሉም አሉ። ለእነሱ ለቀጣዩ በዓል ቀኑን አሁኑኑ ለዩላቸው። ዛሬ ማታ ደውሉና ሳያዩት የቀረ፣ ሊያዩት የሚመኙት ቦታ ካለ ጠይቋቸው። የጠሩትን ስም ጻፉት፤ ለወንድሞቻችሁና ለእኅቶቻችሁም በዚያው ሌሊት ላኩላቸው፤ መዋጮውም ከዚያ ይጀመር።